ስም በመቋሚያ አንገት ላይ፦ የሌዘር ማዞሪያ መሣሪያን ልክ ስለ ማስያዝ

ሁለት የወይራ መቋሚያዎች በእንጨት ሥራ ክፍሉ ጥግ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተደግፈው ቆመው ነበር። በአንገታቸው ዙሪያ የተቀረጸው ስም ከሩቅ ሲታይ ያማረ ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ለሚያነበው ግን የመጨረሻው ፊደል በመጀመሪያው ላይ ወጥቶ፣ «ም» የ«ገ»ን እግር አቃጥሎት፣ ሁለቱም የማይነበቡ ሆነዋል። ስሙ ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩ የአንድ መሪጌታ የክርስትና ስም ነው። ባለቤታቸው ለሙት ዓመቱ መታሰቢያ 12 መቋሚያዎችን ለደብሩ ሊቃውንት ለማበርከት አስበው፣ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል በየካ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ አጥቢያ ለሚሠሩት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሥራውን ሰጥተዋል። የተበላሹትን ሁለቱን በእጃቸው እያገላበጡ ካዩ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ እንጨቱ አይደለም እኮ የቸገረኝ፤ ስሙ እንዲነበብልኝ ነው የፈለግሁት» አሉን። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

እኛም ከወጣቶቹ ጋር ሆነን የስሕተቱን ምንጭ ስንከታተል የተማርነውን በዚህ ዕትም ለሰበካ ጉባኤያት፣ ለልማት ኮሚቴዎችና ለአገልጋዮች ማካፈል አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል። ምክንያቱም አነስተኛ የሌዘር መቅረጫ ማሽን ለወጣቶች የሥራ ዕድል ይሆናል ተብሎ መገዛቱ እየተለመደ ነው፤ ሲገዛም የሚፈተነው በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ነው። በሳንቃው ላይ መስቀልና ጽሑፍ ጥርት ብሎ ሲወጣ ኮሚቴው ይረካል፣ ማሽኑንም ይረከባል። ክብ ነገር ላይ ለመቅረጽ የሚያገለግለው ማዞሪያ ግን ተጨማሪ ዕቃ ሆኖ በሌላ ካርቶን ይመጣል፤ ካርቶኑ የሚከፈተውም ብዙ ጊዜ ትእዛዝ ከተቀበሉና ቀብድ ከወሰዱ በኋላ ነው። በእኛም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ማዞሪያው የሚሠራው ሥራ

የማሽኑ ብርሃን የሚወጣበት ራስ በሁለት አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል፤ አንደኛው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ከፊት ወደ ኋላ ነው። መቋሚያ ሲቀረጽ እንጨቱ በግራና በቀኝ አቅጣጫ ተጋድሞ ይቀመጣል። ራሱ በእንጨቱ ቁመት ላይ ይመላለሳል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው እንቅስቃሴ ግን ይቀርና በምትኩ እንጨቱ ይዞራል። የሁለተኛው አቅጣጫ ሞተር ሶኬት ይነቀልና የማዞሪያው ሞተር በቦታው ይሰካል። (ይህን ስናደርግ ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ፈጽሞ መለያየት አለበት፤ ኃይል እያለ ሞተር መንቀል ሞተሩን የሚያዝዘውን ድራይቨር ያቃጥላል።) ማሽኑ ግን የተቀየረ ነገር መኖሩን አያውቅም። አሁንም በሳንቃ ላይ ወደ ፊት የሚሄድ ይመስለዋል። ስለዚህ «100 ሚሊሜትር ሂድ» ተብሎ ሲታዘዝ እንጨቱ ምን ያህል መዞር እንዳለበት በቁጥር ልንነግረው ይገባል። ልክ ማስያዝ የምንለው ይህን ቁጥር ፈልጎ ማግኘትና በእውነተኛ እንጨት ላይ ማረጋገጥ ነው።

ማዞሪያዎች ሁለት ዐይነት ናቸው፤ ልዩነታቸውን አለማወቅ ብዙ እንጨት ያስበላሻል። አንደኛው በቶርኖ ቤት እንደምናየው መንጋጋ ያለው ሲሆን የዕቃውን አንድ ጫፍ ነክሶ ይዞ ያዞረዋል። እዚህ ላይ ሞተሩ የሚያውቀው የመዞርን መጠን ብቻ ስለሆነ የዕቃው ውፍረት በትክክል መነገር አለበት፤ ወፍራምና ቀጭን እንጨት እኩል ቢዞሩም በገጻቸው ላይ የሚያልፈው ርቀት እኩል አይደለምና። 32 ሚሊሜትር የሆነውን ውፍረት 33 ብለን ብንጽፍ በዙሪያው 3 ሚሊሜትር ያህል እንሳሳታለን። ሁለተኛው ዐይነት ሁለት ትይዩ ሮለሮች ያሉት ነው፤ ዕቃው በላያቸው ይጋደማል፣ አንደኛው ሮለር በሞተር ሲዞር ዕቃውን ይዞት ይዞራል። በዚህኛው የሚያስፈልገው የሮለሩ ውፍረት እንጂ የዕቃው አይደለም። ሮለሩ በገጹ 100 ሚሊሜትር ሲሄድ፣ ሳይንሸራተት እስከነካው ድረስ፣ ወፍራሙም ቀጭኑም እንጨት በገጹ 100 ሚሊሜትር ይሄዳል። መቋሚያ ረዥም ስለሆነ በመንጋጋው አንድ ጫፉን አንጠልጥሎ መያዝ አይመችም፤ ስለዚህ የአጥቢያው ወጣቶች የመረጡት ባለ ሮለሩን ነው። ማሽኑም ክፍት ክፈፍ ያለው በመሆኑ ከሥሩ ጣውላ አስገብተው ከፍ ሲያደርጉት መቋሚያው በግራና በቀኝ ወጥቶ ለመጋደም ቦታ አገኘ።

አራቱ ሚሊሜትር ከየት መጣ?

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ከአራቱ መደብ የወጣ አይደለምና ማንም ሊከተለው ይችላል። የማዞሪያው ሞተር አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይራመዳል፤ ድራይቨሩ ደግሞ እያንዳንዱን እርምጃ በ16 ይከፍለዋል፤ ስለዚህ አንድ ዙር 3,200 ጥቃቅን እርምጃ ነው። ማሽኑ በሳንቃ ላይ አንድ ሚሊሜትር ለመሄድ 80 ጥቃቅን እርምጃ ይልካል። 3,200 ለ80 ሲካፈል 40 ይሆናል። ሶፍትዌሩ «ለአንድ ዙር ስንት ሚሊሜትር» ብሎ ሲጠይቅ የምንሰጠው መልስ ይህ 40 ነው። (በሞተሩና በሮለሩ መካከል ቺንጋ ኖሮ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ሲዞር ሮለሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር ከሆነ ቁጥሩ 120 ይሆናል።) ቀጥሎ የሮለሩ ውፍረት ይጠየቃል። ከማሽኑ ጋር የመጣው ወረቀት 20 ሚሊሜትር ይላል፤ ወጣቶቹም 20 ብለው ጻፉ።

የመቋሚያው አንገት ውፍረት 32 ሚሊሜትር ነው። ይህን በ3.1416 ስናበዛ ዙሪያው 100.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ስሙ በ100 ሚሊሜትር ስፋት ተዘጋጀ፤ በመነሻውና በመጨረሻው መካከል ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ይቀራል ተብሎ ታሰበ። የወጣው ግን 104 ሚሊሜትር ነበር። 3.5 ሚሊሜትሩ በመጀመሪያው ፊደል ላይ ወጣ።

ምክንያቱን ያገኘነው ሮለሩን በካሊፐር ስንለካው ነው። ሮለሩ እንጨት እንዳያንሸራትት ጎማ ለብሷል፤ ከጎማው ጋር ውፍረቱ 20.8 ሚሊሜትር ሆነ። የወረቀቱ ቁጥር ምናልባት ጎማው ሳይኖር የተለካ ይሆናል፤ ማሽኑን በሸጠው ላይ ልናላክክ ግን አንችልም፤ ካሊፐሩ በመሳቢያችን ውስጥ ነበርና። 0.8 ሚሊሜትር ማለት አሥር ገጽ ወረቀት እንኳ አያህልም። ነገር ግን 20.8 ለ20 ሲካፈል 1.04 ነው፤ ይህም በእያንዳንዱ 100 ሚሊሜትር 4 ሚሊሜትር ይጨምራል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለና አንባብያን ልብ እንዲሉት እንሻለን። የወጣው መጠን ከታዘዘው በለጠ ብለን የሮለሩን ውፍረት ብንቀንስ ስሕተቱ ይብሳል። 20ን ወደ 19.23 ያወረደ አንድ ወጣት 104 የነበረውን 108 አድርጎታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሮለሩ ቀጭን ነው ብለን ከነገርነው ማሽኑ ያንኑ ርቀት ለማስኬድ አብዝቶ ያዞረዋል። ስለዚህ የሮለሩን ውፍረት የምናርም ከሆነ አሮጌውን ቁጥር በወጣው መጠን አብዝተን በታዘዘው እናካፍላለን፤ 20 ሲበዛ በ104 ሲካፈል ለ100፣ 20.8። «ለአንድ ዙር ስንት ሚሊሜትር» የሚለውን የምናርም ከሆነ ግን በተቃራኒው ነው፤ 40 ሲበዛ በ100 ሲካፈል ለ104፣ 38.46። ሁለቱም ወደ አንድ ውጤት ያደርሳሉ፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ሁለቱን ማረም አይገባም። እኛ የሮለሩን ውፍረት ማረምን እንመርጣለን፤ በካሊፐር ለክቶ ማመሳከር ይቻላልና።

የቁጥር ስሕተትና የመያዝ ስሕተት

ቁጥር ከመቀየር በፊት ግን መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ስሕተቱ በእርግጥ የቁጥር ነው ወይስ እንጨቱ ተንሸራቶ ነው? የተንሸራተተን እንጨት በቁጥር ለማረም መሞከር የማያልቅ ድካም ነው፤ ዛሬ የተስተካከለው ነገ ይበላሻል። መለያው ቀላል ነው። በእንጨቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር እንለጥፋለን፤ በፕላስተሩ ላይ በእርሳስ አንድ ቀጭን መስመር እናሰምራለን፤ ከመስመሩ ፊት ለፊት የማይንቀሳቀስ ምልክት፣ ለምሳሌ በጣውላ ላይ የተሰካ መርፌ፣ እናቆማለን። ከዚያም ብርሃኑ ጠፍቶ እንጨቱ አሥር ዙር እንዲዞር እናዝዛለን፤ በእኛ መቋሚያ 1,005 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። መስመሩ መርፌውን ምን ያህል እንዳለፈ ለክተን እንጽፋለን። አሥር ዙር ያስፈለገበት ምክንያት በአንድ ዙር ለዐይን የማይታየው ስሕተት አሥር ጊዜ ሲደመር ስለሚታይ ነው።

ቀጥሎ ያንኑ አሥር ዙር ወደ ኋላ እንዲመለስ እናዝዛለን። ቁጥሩ ብቻ የተሳሳተ ከሆነ ወደ ፊት በሄደበት መጠን ወደ ኋላ ይመለስና መስመሩ ከመርፌው ጋር ይገጥማል። ካልገጠመ ግን እንጨቱ ተንሸራትቷል፣ ወይም የሮለሩ ብሎን ላልቷል፣ ወይም ቺንጋው ጥርስ ዘሏል፤ ቁጥሩን አንነካም። በእኛ ላይ መስመሩ ወደ ፊት ሲሄድ 40 ሚሊሜትር ያህል አልፎ፣ ሲመለስ ከመርፌው ጋር ገጠመ። ከዚህ በኋላ ነው ስሕተቱ የቁጥር መሆኑን ያመንነው፤ 20.8 ብለን ከጻፍን በኋላም በአሥሩ ዙር የቀረው ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር አነሰ።

ይህ አካሄድ ለአገልጋዮቻችን እንግዳ ሊሆን አይገባም። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሁሉ ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍሎ ከቀሪው አንዱን ሳይቀንስ የቀረ ሰው ወንበሩን፣ በወንበሩም አበቅቴውንና መጥቅዑን፣ በእነርሱም አጽዋማትንና በዓላትን ሁሉ እንደሚያዛባ ያውቃል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሆናቸው ደግሞ ሒሳቡን መልሶ የሚፈትን ማመሳከሪያ ነው፤ 30 ካልመጣ ወደ ኋላ ተመልሶ መፈለግ ነው። የእኛም መርፌ እንዲሁ ነው። ከዚያው ከእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ባሉበት የሥነ ፈለክ ምርምር ማዕከል፣ ነገሩ በሌላ መልኩ ይታያል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ቴሌስኮፕ ኮከብን ለመከተል በዚያው ፍጥነት በተቃራኒ መዞር አለበት፤ ሞተሩ በጥቂት ቢሳሳት ነጥብ የሆነው ኮከብ በፎቶግራፉ ላይ ሰረዝ ሆኖ ይወጣል።

የእንጨቱ ጠባይ

ቁጥሩ ከታረመ በኋላም ሦስተኛው መቋሚያ ላይ ሌላ ችግር ገጠመን። ይህኛው አስቀድሞ ዘይት የተቀባ ነበር፤ በአሥሩ ዙር ምልልስ መስመሩ መርፌውን በ2 ሚሊሜትር ሳተው። መንሸራተት ነው። ሮለሩ በሚነካበት ቦታ በእንጨቱ ዙሪያ የወረቀት ፕላስተር አንድ ጊዜ ስንጠመጥምበት ችግሩ ተወገደ። ከዚያ ወዲህ ዘይትም ሆነ ቫርኒሽ የሚቀባው ከቅርጹ በኋላ እንዲሆን ተስማምተናል። መንሸራተትን የሚቀንስ ሌላም መንገድ አለ። ፊደሉን በዳሩ እየዞሩ ከመሳል ይልቅ በሬ እርሻን እንደሚያርስ በመስመር በመስመር መሙላት ይሻላል፤ ያን ጊዜ የብርሃኑ ራስ ይመላለሳል እንጂ እንጨቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ቀስ እያለ ብቻ ይዞራል። በዳር መሳል ግን ከባዱን ወይራ ወዲያና ወዲህ ስለሚያመላልሰው በየማዞሪያው ትንሽ ትንሽ ይሸሻል።

መቋሚያዎቹን የጠረቡት ሽማግሌ አናጺ በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝም ብለው ይመለከቱን ነበር። አራተኛውን ስንለካ ግን ካሊፐሩን ከእጃችን ወስደው በአንድ በኩል 31፣ በሌላ በኩል 33 ማሳየቱን ካሳዩን በኋላ፣ «ዲያቆን፣ በእጅ የተጠረበ እንጨት ክብ አይደለም፤ ክብ የሚያደርገው ዐይናችን ነው» አሉ። ከኪሳቸው ክር አውጥተው በአንገቱ ጠምጥመው፣ በተጋጠመበት ቦታ ቆርጠው፣ ክሩን በሜትር ላይ ዘረጉት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ዙሪያን የምንለካው በክር ወይም በቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ነው፤ ካሊፐር የሮለሩ መለኪያ ሆኖ ቀርቷል።

መቋሚያ ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት የለውም፤ ይህም ሮለሩን ያታልለዋል። ቀደም ሲል የእንጨቱ ውፍረት ለባለ ሮለሩ አያስፈልግም ብለናል፤ ይህ እውነት የሚሆነው ሮለሩ የሚነካው ቦታና የሚቀረጸው ቦታ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። ሮለሩ 34 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ክፍል ሲነካና ስሙ 32 ሚሊሜትር በሆነው ላይ ሲቀረጽ፣ 100 የታዘዘው 94 ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሮለሩን ከሚቀረጸው ቦታ አጠገብ ማድረግ፣ ካልተቻለም ሁለቱን ቦታዎች በክር ለክቶ በልዩነታቸው መጠን የጽሑፉን ስፋት ማረም ያስፈልጋል። እንደዚህ ያለ እንጨት ሲዞር ወደ አንድ ጎን የመንሸራተት ጠባይም ስላለው በጫፉ በኩል መግቻ ጣውላ ይደረግለታል። የሚቀረጸውም ቦታ በውሃ ልክ ታይቶ ከብርሃኑ ራስ ጋር እኩል ርቀት እንዲኖረው ይደረጋል፤ አንዱ ፊደል ጠቁሮ ሌላው ከገረጣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መሞከሪያ እንጨት በወይራ መሆን የለበትም። እኛ ያገኘነው ርካሽና ክብ እንጨት አጣና ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ የማገዶ እጥረት ሲበረታ ከባሕር ማዶ መጥቶ እንጦጦን ያለበሰ ዛፍ መሆኑ ይታወቃል፤ ዛሬም ከተራራው ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ስናይ የዚያ ዛፍ ታሪክ ገና እንዳላለቀ እንረዳለን። ለእኛ ሥራ አንድ ክንድ የሚያህል የደረቀና የተላጠ አጣና ይበቃል። እርጥቡ ግን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና ስለሚጠብ ዛሬ የለካነውን ነገ አናገኘውም።

መብራት ሲጠፋስ?

በከተማችን ይህን ጥያቄ ሳያነሡ ስለ ማሽን መነጋገር አይቻልም። በጠፍጣፋ ሥራ ላይ ማሽኑ መብራት ሲመለስ ወደ ማዕዘኑ ሄዶ መነሻውን ያገኛል። የሮለር ማዞሪያ ግን መነሻ የሚባል ነገር የለውም፤ እንጨቱ የት ላይ እንደቆመ የሚያውቅ ማንም የለም። ይባስ ብሎ አንዳንድ ማሽን መብራት እንደመጣ በራሱ መነሻ ፍለጋ ሲሄድ ራሱን ከማዞሪያው ጋር ያጋጫል፤ ስለዚህ ማዞሪያ በተሰካ ጊዜ ይህን ትእዛዝ ማጥፋት ግድ ነው። መርፌውና የእርሳሱ መስመር እዚህም ያገለግላሉ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት መስመሩ ከመርፌው ጋር ይገጠማል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እንጨቱ በእጅ ዞሮ ከመርፌው ጋር ይገጠምና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ቀድሞ የተቃጠለው ላይ ደግሞ ማቃጠሉ ፊደሉን ትንሽ ያጠቁረዋል እንጂ አያጠፋውም። የአጥቢያው ኮሚቴ በኋላ ዩፒኤስ ገዝቷል፤ ሳይኖርም ግን ሥራው አልቆመም።

ስለ ጥንቃቄ በአጭሩ እንናገር። ክፍት ማሽን ዐይን ያጠፋል። የብርሃኑን ቀለም የሚከለክል መነጽር ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን በክፍሉ ያለ ሁሉ ማድረግ አለበት፤ ተራ የፀሐይ መነጽር አያድንም። በእንጨት ላይ በሚሠራው ማሽን አጠገብ ውሃና እሳት ማጥፊያ ይቀመጣል፤ እየሠራ ጥለውት አይወጡም። ጢሱ በቧንቧ ወደ ውጭ ይወጣል። ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ በምንም ምክንያት መቅረጽ አይገባም፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝጋል። ሕፃናት የሚማሩበት አዳራሽ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ለኮሚቴዎች

ማሽን ለመግዛት የሚያስቡ የልማት ኮሚቴዎች ርክክቡን በጠፍጣፋ ሳንቃ ብቻ እንዳይፈጽሙ እንመክራለን። ማዞሪያው ከካርቶኑ ወጥቶ፣ በአጣና ላይ የአሥር ዙር ምልልሱ ተሠርቶ፣ የሮለሩ ውፍረት በካሊፐር ተለክቶ በርክክቡ ሰነድ ላይ ይጻፍ። ካሊፐሩም በንብረት መዝገብ ይግባ፤ ዋጋው ከአንድ መቋሚያ ብዙም አይርቅም።

ሌላው የሚያሳስበን የእጅ ባለሙያዎች ጉዳይ ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር ለዘመናት ሲዘልቅ እነዚህን ንዋያት የሠሩት እጆች ናቸው። ማሽኑ የአናጺውን እንጀራ የሚነጥቅ ከሆነ ልማት ብለን ልንጠራው ይከብደናል። በዚህ አጥቢያ የተደረሰበት ስምምነት መልካም ሆኖ አግኝተነዋል፤ እንጨቱን የሚጠርቡት፣ ራሱን የሚገጥሙት ሽማግሌው ናቸው፣ ዋጋቸውም ከፊት ይከፈላል፤ ወጣቶቹ የሚቀርጹት ጽሑፉን ብቻ ነው። ከሁለቱ ወገን የትኛው ከየትኛው እንደሚማር ደግሞ በክሩ አይተናል።

ለብዙ አጥቢያዎች ይበልጥ የሚቀለው ስሙን በዙሪያ ሳይሆን በእንጨቱ ቁመት መጻፍ መሆኑንም ሳንሸሽግ እንናገራለን። በቁመት ሲጻፍ 4 በመቶ ስሕተት የፊደሉን ከፍታ በጥቂቱ ይለጥጠዋል እንጂ ማንም አያስተውለውም። እናታችን ግን ስሙ እንደ ቀለበት አንገቱን እንዲዞር ነበር የፈለጉት። በመሆኑም ስሙ ከዙሪያው ዘጠኝ እጁን ብቻ እንዲይዝ፣ በቀረው አንድ እጅ ላይ ትንሽ መስቀል ለብቻው እንዲቀረጽ ተደረገ። ትንሽ ስሕተት ቢኖር እንኳ ከመስቀሉ ግራና ቀኝ ያለው ባዶ ቦታ ይውጠዋል፤ ፊደል ከፊደል ጋር አይጋጭም።

በጥግ የቆሙት ሁለቱ መቋሚያዎችም አልተጣሉም። ሽማግሌው የተቃጠለውን በመስታወት ስባሪ ፍቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው መለሱልን። አንገታቸው 31 ሚሊሜትር ሆነ፤ ዙሪያቸው በክር ሲለካ 97 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ሆኖ ተገኘ። የሮለሩ ቁጥር 20.8 እንደሆነ ቀረ፤ የተቀየረው የስሙ ስፋት ብቻ ነው፣ ከ90 ወደ 87። መጀመሪያ በአጣና፣ ቀጥሎ በወይራው ላይ ተቀረጸ።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው 12ቱም በነጠላ ተጠቅልለው ለእናታችን ተሰጡ። አንዱን አውጥተው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ መቋሚያውን በጣታቸው ቀስ እያሉ እያዞሩ ፊደል በፊደል አነበቡ፤ መስቀሉ ጋ ሲደርሱ ተሳለሙትና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። መሞከሪያው አጣና አሁን በሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በምስማር ተንጠልጥሏል፤ በላዩ በእስክሪብቶ «ሮለር 20.8፤ ለአንድ ዙር 40፤ በክር ለካ» ተብሎ ተጽፎበታል።